ዕረፍትና ፈውስ አንድ እንዳይደሉ፤ ስለ ዓይን ሕመም

ልጆች ሆይ፤ ሰው ከአካሉ ክፍል ሁሉ ይልቅ ለዓይኑ ይሳሳል። እግሩን እሾህ ቢወጋው እያነከሰ ይሄዳል፤ አንድ እጁ ቢቈስል በሌላው እጁ ይሠራል። ዓይኑን ባመመው ጊዜ ግን ሥራው ሁሉ ይቆማል። ብርሃንን ይሸሻል፤ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ በጨለማ ጓዳ ይቀመጣል። እናት ልጅዋን እጅግ እንደምትወደው ለመናገር ስትፈልግ «የዓይኔ ብሌን» ትለዋለች እንጂ «የእጄ ጣት» አትለውም። ይህም ዓይን ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ያስረዳል።

ዓይኑን የታመመ ሰው መድኃኒትን አስቀድሞ የሚፈልገው በአቅራቢያው ነው። ሕመም ጊዜ አይሰጥምና ሩቅ ያለው ሐኪም እስኪገኝ ድረስ በቅርብ ያለው እጅ ይዳስሰዋል። በአገራችን ገጠር በቅርብ የሚገኙት የእናት ጡት ወተት፥ የጓሮ ቅጠል፥ የመድኃኒተኛ ምላጭና የጎረቤት ወረንጦ ነበሩ፤ በብዙ ስፍራም ዛሬ አሉ። እኔ በጎጃም ገጠር ተወልጄ ስላደግሁ በእነዚህ ሁሉ የታከሙትን ሰዎች አውቃለሁ። ከእነርሱም የተማርሁት ነገር ዕረፍት ሌላ፥ ፈውስም ሌላ መሆኑን ነው። ያየሁትን እነግራችኋለሁ፤ እናንተም እያነበባችሁ ፍረዱ።

አስቀድሜ ስለ ሕፃናት እናገራለሁ። የሕፃን ዓይን ቀልቶ ዓይናር በያዘው ጊዜ እናቲቱ ከጡቷ ጥቂት ወተት አልባ ታንጠባጥብለታለች። ለብ ያለው ወተት የደረቀውን ዓይናር ያለሰልሰዋል፤ የተጣበቀው ሽፋሽፍትም ይላቀቃል፤ ሕፃኑም ማልቀሱን ይተዋል። እናቲቱ ይህን የምታደርገው ከፍቅር የተነሣ ስለ ሆነ የሚነቅፋት የለም። ነገር ግን ዓይናሩን ያላቀቀው እርጥበቱ ነው፤ ይህንንም ሥራ ንጹሕ ውኃ ይሠራዋል። ሕመሙን ያመጣው ረቂቅ ተሕዋስ በወተት ጠብታ የሚጠፋ ስላልሆነ በማግሥቱ ዓይኑ እንደ ገና ተጣብቆ ያድራል።

ሁለተኛ፤ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት በምደግምበት ዘመን ከሩቅ አገር የመጣ አንድ የቆሎ ተማሪ ከእኛ ጋራ ነበር። ተማሮቹ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ጎጆ ተጋፍተን እንተኛ ነበር። ውኃው ከቁልቁለቱ በታች ስለ ነበረ የሚቀዳው ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ነበር። ያ ተማሪ ዓይኑ ቀልቶ ያብጥ ጀመር። ዕንባውን በደበሎው ጫፍ ያብሰዋል፤ ማታም ያንኑ ደበሎ ከጓደኛው ጋራ ለብሶ ይተኛል። ብዙ ቀን ሳይቈይ የአራት ልጆች ዓይን ቀላ።

ሰዎችም ተማሪውን ወደ አንድ መድኃኒተኛ ወሰዱት። መድኃኒተኛው «መጥፎ ደም ወርዶበታል» ብሎ ቅንድቡን በምላጭ በጣው። ደሙ በጕንጩ ላይ ወረደ፤ ተማሪው ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። በዚያ ቀን «ቀለለኝ» አለን። አዲስ ሕመም አሮጌውን ለጊዜው ያስረሳልና እውነቱን ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን ዓይኑ እንደ ቀድሞው ቀላ፤ በቅንድቡም ላይ ሁለት የጠባሳ መስመር ቀረበት። ያ ምላጭ ከእርሱ በፊት የስንቱን ሰው ቅንድብ በጥቶ ነበር? ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ምላጭ በደም የሚተላለፈውን ሌላ በሽታ ይዞ ይዞራል።

የእኛ የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። በልጅነታቸው ዓይናቸውን ታመው ብዙ መድኃኒት ተደርጎላቸው ነበር፤ አንዱም አላዳናቸውም። ዳዊቱን ሁሉ በቃላቸው ይዘውት ነበርና አንድ ተማሪ ፊደል ቢስት ከሩቅ ሰምተው ያርሙታል። የአራቱ ልጆች ዓይን መቅላቱን በሰሙ ጊዜ አዲስ ሥርዓት አወጡ። ተማሪ ሁሉ በተራው ማለዳ አንድ ቅል ውኃ እንዲያመጣ፥ ከትምህርትም በፊት ሁሉም ፊቱን እንዲታጠብ አዘዙ። ከዚያ በኋላ በየተራ ወደ እርሳቸው እንቀርባለን፤ እርሳቸውም በጣታቸው ፊታችንንና የዓይናችንን ዳር ይዳስሳሉ። ያልታጠበውን በጣታቸው ያውቁታል። «ልጄ፤ እኔ ያጣሁትን አንተ ይዘኸዋል፤ ሂድና ታጠብ» ይሉታል። ከዚያም ወዲህ ዓይኑን የሚታመም ተማሪ እያነሰ ሄደ። የማያዩት መምህር የሚያዩትን ልጆች ዓይን ጠበቁ።

ሦስተኛ፤ ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው የአክስቴን ነገር ነው። አክስቴ ጥጥ በመፍተል የታወቀች ሴት ነበረች። የብረት ወረንጦዋን ከማተቧ ጋራ በአንገቷ አንጠልጥላ ትኖር ነበር። ያ ወረንጦ እሾህ ለማውጣት ብቻ አልነበረም። የላይኛው የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቷ የዓይኗን ብሌን ይፍቀው ነበር። ፀሐይ ወጥታ ደጃፉ በበራ ጊዜ በመደቡ ላይ ተቀምጣ ትጠራኛለች። «ና ልጄ፤ አንተ የልጅ ዓይን አለህ፤ ያችን ክፉ ጠጕር ፈልጋት» ትለኛለች። ጠጕሩ ቀጭን ስለ ሆነ ለመያዝ ያስቸግራል። ይዤ በነቀልሁት ጊዜ ዕንባዋ ይፈስሳል፤ ወዲያውም «እፎይ! እደግ፥ ተመንደግ» ብላ ትመርቀኛለች። በዚያን ቀን እንዝርቷን ይዛ እስከ ማታ ድረስ ስትፈትል ትውላለች።

ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ጠጕሩ እንደ ገና ይበቅላል። አዲስ የበቀለው አጭርና ጠንካራ ስለ ሆነ አብልጦ ይወጋል። ከሥሩ በመነቀል ፈንታ ከመካከሉ የተሰበረ እንደ ሆነም የቀረው ጉቶ እንደ እሾህ ይሆናል። እንዲህ እያለች፥ አንድ ቀን እያረፈች ብዙ ቀን እየታመመች፥ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረች።

ይህ ሕመም ከወዴት ይመጣል? የሚታየው በትልልቅ ሰዎች ዓይን ነው፤ የሚጀምረው ግን በልጆች ዓይን ነው። በሽታው የዓይን ማዝ ይባላል፤ ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል። ረቂቅ ተሕዋስ ከታመመው ልጅ ዓይናር ተነሥቶ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ እግር ወደ ሌላው ልጅ ዓይን ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ የያዘው ልጅ ብዙ አይጐዳም። በየዓመቱ እየተመላለሰ የያዘው ልጅ ግን የዓይኑ ቆብ ከውስጥ በኩል ጠባሳ ያበጃል። እርጥብ ቆዳ በፀሐይ ሲደርቅ እንዲኮማተር ጠባሳውም ቆቡን እየሳበ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ብሌኑ ይዞራል። ጠጕሩ ዘወትር እየፋቀ እንደ መስተዋት የጠራውን የዓይን ገጽ ያደፈርሰዋል፤ ከዚያም ነጭ ጠባሳ ወጥቶ ብርሃን ይጠፋል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ሴቶች ከወንዶች አብልጠው የሚጐዱበትም ምክንያት የታመሙትን ሕፃናት የሚያቅፉና የሚያጥቡ እነርሱ ስለ ሆኑ ነው።

እንግዲህ ወረንጦው የሚነቅለው ጠጕሩን ብቻ እንደ ሆነ አስተውሉ። ጠጕሩ ቢነቀልም ቆቡ እንደ ታጠፈ ይቀራል።

ቢሆንም ማንም ሰው በወረንጦ ሲታከሙ የኖሩትን እናቶቻችንን እንደ ሞኞች አይቍጠራቸው። ከ3500 ዓመት ያህል በፊት በግብፅ አገር በፓፒሩስ ላይ የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ወደ ዓይን የዞረውን ሽፋሽፍት ስለ መንቀል ይናገራል። ከ100 ዓመት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩት ሐኪሞችም የትራኮማን በሽተኛ ቆብ ገልብጠው ሰማያዊ የመዳብ ድንጋይ ያሹበት ነበር፤ ይህም እጅግ ያቃጥል ነበር። የሚበልጥ መድኃኒት ያገኙት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ተሕዋሱንም ለይተው ለማሳደግ የቻሉት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በቻይና አገር ነው። ዛሬም ሐኪሞች አንዲት ወይም ሁለት ጠጕር ብቻ ላስቸገረው፥ ቀዶ ሕክምናንም ለማይፈልግ ሰው፥ አፉ በደንብ በሚገጥም ንጹሕ ወረንጦ፥ ዓይኑ በሚያይ ሰው እጅ እንዲነቀል ይፈቅዳሉ። እንግዲህ ወረንጦ የሚነቀፍ መሣሪያ አይደለም፤ የሥራውን ወሰን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

በ1990ዎቹ ዓመታት እኔ መምህር ሆኜ ሳለሁ የዓይን ቆብ በቀዶ ሕክምና እንደሚቃና ሰምቼ ለአክስቴ ነገርኋት። ብዙ ፈርታ ነበር፤ ነገር ግን ከጎረቤቷ ጋራ ሆና ወደ አንድ ሐኪም ቤት ሄደች። በዚያ የነበረ አንድ ሠራተኛ ወረንጦዋን በአንገቷ ላይ አየና «ይህን ዝገት ይዘሽ ሐኪም ቤት ትመጫለሽን?» ብሎ በሰው ፊት ሳቀባት። አክስቴ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጐትታ ሳትታከም ተመለሰች። ለምን እንደ ተመለሰች በጠየቅኋት ጊዜ «ወረንጦ ይወጋል እንጂ አይሳደብም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሐኪም ቤት አልሄደችም። በሁለቱም ዓመት ውስጥ በግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ጠባሳ ወጣ።

ልጆች ሆይ፤ ይህን ነገር በልባችሁ አኑሩት። ከእናንተ መካከል ኋላ ሐኪም፥ ነርስ ወይም መምህር የሚሆን አለ። ያላወቀውን ሰው ማስተማር እንጂ ማሳፈር አይገባም። አንድ የስድብ ቃል የአንዲት ሴትን መንገድ ሁለት ዓመት ዘጋው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለምኜ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድሁ። በዚያ የነበረችው ነርስ የገጠር ልጅ ነበረች። ወረንጦውን ባየች ጊዜ አልሳቀችም፤ በእጅዋ ይዛ አገላብጣ አየችው። «እማማ፤ ይህ ወረንጦ ስንት ዘመን አገለገለዎት?» አለቻት። አክስቴም «ከሃያ ዓመት በላይ፥ ልጄ» አለች። ነርሷም «አሳርፎዎታል፤ አላዳነዎትም። እኛ ቆቡን ወደ ቦታው እንመልሰዋለን፤ ጠጕሩም ወደ ውጭ ይዞራል» አለቻት። አክስቴ ይህን በሰማች ጊዜ ወረንጦውን ከአንገቷ አውጥታ እንድይዝላት ሰጠችኝና ገባች።

ነርሷ ቆቡን በመርፌ አደነዘዘችው፤ ከዚያም ቀድዳ አቃንታ በቀጭን ክር ሰፋችው። ሥራው ረጅም ጊዜ አልፈጀም። አክስቴ በታሸገ ዓይን እጄን ይዛ ወጣች፤ በማግሥቱም ማሸጊያው ተነሣላት። ከጥቂት ቀን በኋላ ክሩ ወጣ፤ ዓይኖቿንም የሚወጋ ጠጕር አልነበረም። ነገር ግን ነጭ ጠባሳ የወጣበት ግራ ዓይኗ ብርሃኑ አልተመለሰም። ቀዶ ሕክምናው ያለውን ብርሃን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስምና። ቀኝ ዓይኗ ግን ድኖ ቀረ፤ እርሷም በአንድ ዓይኗ እንዝርቷን እያየች መፍተሏን ቀጠለች። ቀድማ ብትሄድ ወይም ባይስቁባት ኖሮ ሁለቱም ዓይኖቿ በዳኑ ነበር።

የዓይን ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይደለም እወቁ። አንድ አረጋዊ ጎረቤታችን ዓይናቸው አይወጋቸውም ነበር፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታያቸው ነበር። ይህ የዓይን ሞራ ይባላል። በዓይን ውስጥ ያለው፥ ብርሃን የሚያሳልፈው ጥሩ ክፍል ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። አረጋዊው የተጨመቀ የቅጠል ውኃ በግራ ዓይናቸው አደረጉ። ቅጠሉም አቃጥሎ ገጹን አቈሰለው፤ ወደ ሞራው ግን አልደረሰም፤ ሞራው ከውስጥ ነውና። ኋላ ልጆቻቸው ወደ ዓይን ሐኪም ወሰዷቸው። ሐኪሙ ከቀኝ ዓይናቸው የደፈረሰውን አውጥቶ በስፍራው ሰው ሠራሽ ሌንስ አገባላቸው። በማግሥቱ ማሸጊያው በተነሣ ጊዜ የልጅ ልጃቸውን ቀሚስ ቀለም ነገሯት። ግራ ዓይናቸው ግን በቅጠሉ ስለ ቈሰለ እንደ ቀኙ አልሆነላቸውም። «ልትኳል ዓይኗን አጠፋች» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ይህ የጥቂት ሰዎች ነገር ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁሉ በተደረገው የዓይን ምርመራ ከ1000 ሰው 16 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኙ። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችለው የዓይን ሞራ ነበር። ከእርሱም ቀጥሎ የትራኮማ ጠባሳ ተቈጠረ። ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች ደግሞ በዚያን ጊዜ ከ100ው 40ው ትራኮማ በዓይናቸው ነበረ።

ትራኮማን ለማጥፋት አራት መንገድ አለ። አንደኛው፤ ቆባቸው ለታጠፈባቸው ሰዎች ቀዶ ሕክምና ማድረግ ነው። ሁለተኛው፤ ተሕዋሱን የሚገድለውን መድኃኒት ለመንደሩ ሰው ሁሉ በአንድነት ማደል ነው። በገጠር ይህ መድኃኒት በነጻ ሲታደል አይቻለሁ፤ የሚሰጠውም መጠን በበትር ላይ በተለካው የሰውየው ቁመት ይታወቃል። ሦስተኛው፤ ፊትን መታጠብ ነው። አራተኛው፤ የመኖሪያን ስፍራ በንጽሕና መጠበቅ ነው። ትራኮማን የምታመላልሰው ዝንብ በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ትራባለች፤ መጸዳጃ ጕድጓድ ተቈፍሮ ሰው ሁሉ በእርሱ ቢጠቀም ግን መራቢያዋን ታጣለች። ከአራቱ መንገድ ሁለቱ የሐኪም ሥራ ናቸው፤ ሁለቱ ግን የእኛው የቤት ሥራ ናቸው።

«ውኃ ሩቅ ነው፤ ለመጠጥ እንኳ አይበቃም» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ በብዙ አገር እውነት ነው፤ እንስራ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ፊትን ለመታጠብ እንስራ ሙሉ ውኃ አያስፈልግም፤ አንድ ሁለት እፍኝ ይበቃል። የአንድ ቅል ውኃ የአንድ ቤት ልጆችን ፊት ያጥባል። የኔታ ውኃውን ከተማሮቹ ሁሉ በተራ ማስመጣታቸው ይህን ስላወቁ ነው።

እንግዲህ የአባቶቻችንን መድኃኒት ሁሉ ክፉ ነው አንበል፤ ሁሉም ያድናል ብለንም አንመን። በእርሱ የታከመው ሰው በዚያው ቀን «እፎይ» ማለቱን ብቻ አንመልከት፤ ከወር በኋላና ከዓመት በኋላ ዓይኑ እንዴት እንደ ሆነ እንጠይቅ። የሚያሳርፈውን እናመስግነው፤ የሚያድነውን ግን እንፈልገው። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ከሐኪም ቤት አይቅር፤ ጸሎት ሕክምናን አይከለክልምና። ዓይኑን የሚወጋው ወይም ጭጋግ የሚታየው ዘመድ ያለው ልጅ በቤቱ ይናገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።

ልጆች ሆይ፤ አሁን ይህን ገጽ የምታነቡት ዓይናችሁ ጤነኛ ስለ ሆነ ነው። ጧት ተነሥታችሁ አስቀድማችሁ ፊታችሁን ታጠቡ፤ ከዚያም የታናሽ ወንድማችሁንና የታናሽ እኅታችሁን ፊት እጠቡ። የሌላውን ሰው ዓይን ባበሰ ጨርቅ ዓይናችሁን አታብሱ። በሕፃን ዓይን ላይ ዝንብ ያረፈች እንደ ሆነ አባርሯት፤ ዓይናሩንም አጥባችሁ አስወግዱ። ዛሬ ያጠባችሁት ሕፃን በሸመገለ ጊዜ ወረንጦ የሚይዝለት ሰው አይፈልግም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።